አባዬ ያልሠራባቸው ቀናት

ሴፕቴምበር 6፣ ቅዳሜ

ተሸነፍን። በገዛ ሜዳችን፣ በዓመቱ የመጀመሪያ ጨዋታ፣ ከአላባማ ውጭ ማንም ስሙን በማያውቀው ትንሽ ኮሌጅ። እንዲህ ያሉ ቡድኖች የሚጋበዙት ተሸንፈው፣ ለመሸነፋቸው የተቆረጠላቸውን ክፍያ ተቀብለው እንዲሄዱ ነው። እነዚህ ግን ክፍያውንም ድሉንም ይዘው ሄዱ። የኛ ቡድን መጠሪያ «በቅሎዎቹ» ስለሆነ ደጋፊዎቻቸው «በቅሎ ድሮስ መች ወልዳ!» እያሉ ዘፈኑብን።

አባዬ የዩኒቨርሲቲው የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ዋና አሠልጣኝ ነው። ከሜዳ ሲወጣ ከላይ አንድ ሰውዬ «ኮች! ሻንጣህን አዘጋጅ!» ብሎ ጮኸበት። አባዬ ቀና ብሎ አየውና ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ሰላም አለው። ጓደኛዬ ዌንደል «አባትህ ጨዋ ነው። እኔ ብሆን ባርኔጣውን አውልቄ ፊቱ ላይ ነበር የምወረውረው» አለኝ። ኮራሁ።

በእረፍት ሰዓት ዌንደል «ወዴት ነው? ማርሽ ባንዱ እኮ ሊገባ ነው» አለኝ። ራበኝ አልኩት። የተቀቀለ ኦቾሎኒ ገዝቼ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ቆሜ በላሁ። የተመለስኩት ጨዋታው ከጀመረ በኋላ ነው። ሰልፉ ረጅም ነበር።

ሴፕቴምበር 9፣ ማክሰኞ

አባዬ ትናንትም ቢሮው አደረ። የጨዋታውን ፊልም ደጋግሞ እያየ ነው አለች እማዬ። ከጸደይ ወዲህ እንዲህ ነው። የእሱና የእማዬ መኝታ ቤት ከፎቁ ጫፍ ስለሆነ እዚያ ለመድረስ በማርሰል ክፍል በር ማለፍ ግድ ነው። አባዬ የማይመጣው ግን ሥራ ስለበዛበት ነው።

ማርሰል ወንድሜ ነው። ባለፈው ማርች ሞተ። ሃያ ዓመቱ ነበር። አባዬ በሚያሠለጥንበት ዩኒቨርሲቲ ይማር ነበር፤ ኳስ ግን አይጫወትም። በማርሽ ባንዱ ውስጥ ያን ትከሻ ላይ የሚጠመጠመውን ትልቁን ጥሩምባ ይነፋ ነበር። «ከዚህ ቤት ተሸንፌ የማላውቅ እኔ ብቻ ነኝ» ይል ነበር።

ከዚህ በላይ ስለሱ ዛሬ አልጽፍም። የኬሚስትሪ ፈተና አለብኝ።

ሴፕቴምበር 20፣ ቅዳሜ

ይህ ሳምንት ጨዋታ የለንም። ፀጉሬን ልስተካከል ሚስተር ሊንዉድ ጋ ሄድኩ። ከኋላ ወረፋ የያዙት ሰዎች ስለኛ ያወራሉ፤ ፎጣው እስከ አገጬ ስለሸፈነኝ ማን እንደሆንኩ አላወቁም።

«ቆይ፣ ኮቹን ማባረር ስንት ያስወጣል?»

«ውሉ ሦስት ዓመት ይቀረዋል። የውል ማፍረሻው አራት ሚሊዮን ዶላር ነው።»

«አራት ሚሊዮን? እኔን ይቅጠሩኛ! በግማሹ እሸነፍላቸዋለሁ!»

ሁሉም ሳቀ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሦስተኛው ሰውዬ «ሳንቲምም አይከፍሉትም። ባለፈው ጸደይ ሥራውን ጥሎ ጠፍቶ የለም እንዴ? ሥራ ጥሎ የጠፋን በባዶ እጁ ማባረር ይቻላል። ውሉ ላይ አለ አሉ» አለ።

የሚስተር ሊንዉድ ማሽን ቆመ።

«የት ነበር የጠፋው?»

«እ... ያው...»

«የት ነበር አልኩህ እኮ!»

«ሆስፒታል።»

«ምን ሊያደርግ?»

ሰውዬው ያን ጊዜ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። ተነስቶ «ልጄ፣ ይቅርታ፣ አላየሁህም» አለኝ። ሚስተር ሊንዉድ «ዕድለኛ ነህ ተራህ አልደረሰም፤ ግማሽ ራስህን ላጭቼ ነበር የማስወጣህ» አለው። ከእኔም ገንዘብ አልቀበልም አለ።

ሰውዬው የተናገረውን እቤት አልተናገርኩም።

ሴፕቴምበር 27፣ ቅዳሜ

አሸነፍን! ድምፄ ተዘግቷል። በእረፍት ሰዓት አሁንም ራበኝ።

ኦክቶበር 5፣ እሑድ

ትናንት ተሸነፍን። ዛሬ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ግቢያችን ሣር ላይ «ይህ ቤት ይሸጣል» የሚሉ ሰሌዳዎች እንደ እንጉዳይ በቅለው አገኘናቸው። ከየሰፈሩ ነቅለው አምጥተው ነው የተከሉብን። እዚህ አገር ሕዝቡ አሠልጣኝ ሲጠላ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ከአባዬ በፊት የነበረውንም እንዲሁ አድርገውታል።

አባዬ ከነክራቫቱ ሰሌዳዎቹን አንድ በአንድ ነቅሎ በረንዳው ላይ ደረደራቸው። «እንጨታቸው ጥሩ ነው» ብቻ አለ። እማዬ ግን መነጽሯን አድርጋ የደላላውን ስልክ ከሰሌዳው ላይ አነበበችና እዚያው ደወለችለት።

«ጤና ይስጥልኝ። ወይዘሮ ፔትዌይ ነኝ፣ የአሠልጣኙ ሚስት። ሰሌዳዎችዎ እኛ ጋ አድረዋል። ቁርስ አብልተናቸዋል። መጥተው ይውሰዷቸው።»

ሰውዬው ከሰዓት በኋላ ፊቱ ቲማቲም መስሎ መጣ፤ ሚስቱ የጋገረችውን የፒካን ኬክ ይዞ ነበር። እኔ አልበላም አልኩ። እማዬ «ኬኩ ምን አደረገህ?» አለችኝ። ሁለት ቁራጭ በላሁ።

ኦክቶበር 14፣ ማክሰኞ

ትምህርት ቤቱ በሙሉ አውሮፕላን ይጠብቃል። ለዩኒቨርሲቲው ቡድን ገንዘብ የሚሰጠው ባለዶሮ ፋብሪካው ሚስተር ሃስኪንስ የግል አውሮፕላን አለው። ደጋፊዎቹ በስልካቸው የት እንዳረፈ ይከታተላሉ፤ ካረፈበት ከተማ አዲስ አሠልጣኝ ሊቀጠር ነው ማለት ነው። እሑድ ኦክላሆማ፣ ተልሳ አረፈ። ሰኞ ጠዋት የኛ ከተማ ሰው የተልሳውን ምክትል አሠልጣኝ በስም ጠርቶ፣ ደመወዙን ቆርጦ፣ ሚስቱን አድንቆ ጨርሷል። ሰውዬው ምንም አያውቅም። ዌንደል በምሳ ሰዓት ፎቶውን አሳየኝና «ፊቱ ግን ደስ አይልም» ብሎ ሊያጽናናኝ ሞከረ።

ዛሬ እውነቱ ታወቀ። ሚስተር ሃስኪንስ የሄደው ለአደን የሚሆኑ ሁለት ቡችሎች ሊያመጣ ነው።

እማዬ ስነግራት «ቡችሎቹስ ስንት ዓመት ፈረሙ?» አለች። ከማርች ወዲህ ስትቀልድ ይህ ሁለተኛዋ ነው።

ኦክቶበር 22፣ ረቡዕ

ዛሬ ብዙ ልጽፍ ነው።

የአባዬ ጠበቃ ሚስ ኦዴሳ ብሪም ማታ እኛ ቤት መጣች። እኔን ወደ ፎቅ ላኩኝ፤ እኔም ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ሚስተር ስታንሲል ደብዳቤ ጽፏል። አባዬ በማርች ወር «ያለ ፈቃድ ሥራውን ትቷል» ይላል። የፀጉር ቤቱ ሰውዬ ያለው እውነት ነው። ይህ ከጸና ማፍረሻውን አይከፍሉትም። ከዚያ የባሰው፣ ሥራ ጥሎ በመጥፋት የተባረረን አሠልጣኝ ሌላ ቦታ ማንም አይቀጥረውም።

እማዬ «በቀብሩ ላይ እጁን ትከሻህ ላይ አድርጎ የፈለግከውን ያህል ጊዜ ውሰድ ያለህ ስታንሲል ራሱ አይደል!» አለች። እኔም አጠገባቸው ነበርኩ፤ ሰምቻለሁ።

«ቃል ነው፣ ሎሬታ። በጽሑፍ የለም» አለች ሚስ ኦዴሳ። ከዚያ ወደ አባዬ ዞረች። «ሮስኮ፣ አንድ ስልክ ይበቃኛል። ከሆስፒታሉ ኮሪደር ለምክትልህ ደውለህ ‹ልምምዱ እንዴት ዋለ?› ብለህ ከሆነ ሥራ ላይ ነበርክ ብዬ እከራከራለሁ። እንረታለን።»

ከዚያ ቀጠለች።

«ምክትልህ ጋርቪን ደውሎልኛል ብሎ ለመማል ዝግጁ ነው። በየማታው ደውሎልኛል ይላል።»

«ጋርቪን ጥሩ ሰው ነው» አለ አባዬ። «አልደወልኩለትም ግን።»

«አንዴም?»

«አንዴም።»

እማዬ «አንዲት ቃል እኮ ናት፣ ሮስኮ» አለች። «እነሱ እየዋሹብህ አይደል? ይህ ልጅ ኮሌጅ ሊገባ ነው።»

«ሎሬታ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ሥራ ላይ ነበርኩ እንድል ትፈልጊያለሽ?»

እማዬ ተነሳች። ወደ ጓሮ ወጣች። በሩን ግን ቀስ ብላ ነው የዘጋችው፤ ስትናደድ እንዲያ ናት።

የሆነውን እኔ አውቃለሁ። ማርሰል ዓርብ ማታ ትኩሳት ያዘው። ቅዳሜ ጠዋት አንገቱ አልታጠፍ ሲለው እማዬ ይዛው ሄደች። ለአባዬ የጸደይ ልምምዱ ትልቁ ቀን ነበር፤ ሁለት ጊዜ ደወለችለት፣ «ጨርሼ እመጣለሁ» አለ። ጨርሶ መጣ። ያኔ ማርሰል መናገር አቁሞ ነበር። አባዬ ስልኩን አውጥቶ «አጥፋውና አንተ ያዘው፤ ብጠይቅህም አትስጠኝ» አለኝ። ማርሰልን እስክንቀብረው ድረስ ኪሴ ውስጥ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀኝም።

ዶክተሩ ቅዳሜ ጠዋት አባዬ ቢመጣም የሚለወጥ ነገር አልነበረም ብሏል። ሁለት ጊዜ ጠይቄዋለሁ።

ኖቬምበር 3፣ ሰኞ

ተደባደብኩ። ብራንት የሚባል ልጅ በመተላለፊያው ላይ «አባትህ ወንድምህን ሰበብ አድርጎ ነው አሉ ያረፈው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። የእጄ አጥንት አብጧል፤ እየጻፍኩ ያመኛል።

ዳይሬክተሯ አባዬ ጋ ደወለች። ሰኞ ልምምድ ላይ ነው፣ አይመጣም፣ እናቴ ጋ ይደውሉ አልኳት። ስልኩን አስቀምጣ የቅጣት ወረቀቱን ሞልታ ሳትጨርስ በሩ ተከፈተ። አባዬ ነው፤ ፊሽካው አንገቱ ላይ፣ ጫማው ጭቃ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ደህና ነው? የት ነው የተመታው?»

«ኮች፣ የመታው እሱ ነው» አለች ዳይሬክተሯ።

አባዬ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

መኪና ውስጥ «ማን ቀደመ?» አለኝ። እኔ አልኩት። «ምን አለህ?» ነገርኩት። ነዳጅ ማደያው ጋ አቁሞ የተጠበሰ ዓሣ ገዛልን፤ በወረቀት ጠቅልለው የሚሸጡትን። እየበላን «አውራ ጣትህን ውስጥ ጨብጠህ ነው የሰነዘርከው?» አለኝ። «አዎ።» «ለዚያ ነው እጅህ ያበጠው» አለና ሳቀ። ከዚያ ኮስተር ብሎ ሁለተኛ እንዳይለምደኝ ነገረኝ። ወደ ልምምዱ አልተመለሰም። እማዬ በሩን ከፍታ ሁለታችንንም ስታየን ሰዓቷን ተመለከተች፤ ደግማ ተመለከተች።

ኖቬምበር 22፣ ቅዳሜ

በሜዳችን የዓመቱ መጨረሻ። በአንድ ነጥብ ተሸነፍን።

በእረፍት ሰዓት አልወጣሁም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ዌንደል «ኦቾሎኒ ላምጣልህ?» አለኝ፣ «ተቀመጥ» አልኩት።

ባንዱ የማርሰልን ቦታ ለማንም አልሰጠም። ከትልልቆቹ ጥሩምባዎች መካከል አንድ ሰው የሚያህል ክፍተት ነበር። ሲዞሩ አብሮ ይዞራል፣ ሲራመዱ አብሮ ይራመዳል። አንዴም አልተዛነፈም።

ዌንደል «ኮቹን እየው» አለኝ። አሠልጣኝ በእረፍት ሰዓት ከተጫዋቾቹ ጋር መልበሻ ክፍል መሆን አለበት። አባዬ መግቢያው አፍ ላይ ብቻውን ቆሞ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ነበር።

ማታ በደጋፊዎች ገጽ ላይ «በእረፍት ሰዓት እንኳ ሥራው ላይ የለም» ተብሎ ተጻፈ። ከፎቶ ጋር።

ኖቬምበር 28፣ ዓርብ

እማዬ ሳታውቅ የሚስ ኦዴሳ ቢሮ ሄድኩ። አባዬ ከሆስፒታሉ ሲደውል አይቻለሁ ብዬ እመሰክራለሁ አልኳት። ስልኩ እኔ ኪስ ውስጥ ስለነበር ከእኔ የተሻለ ምስክር የለም።

ረጅም ጊዜ አየችኝ። «አይተሃል?»

«እመሰክራለሁ ነው ያልኩት።»

«እንደሱ አልጠየቅኩህም፣ ኩዊንሲ።»

በሩን ከፈተችልኝ። «ወደ ቤትህ ሂድ፣ የምስጋና በዓሉ ተርኪ ጥብስ ሳያልቅብህ» አለችኝ።

መዋሸት ኃጢአት ነው። አራት ሚሊዮን ግን አባዬ የለፋበት ነው። አሁንም ደግሜ ደጋግሜ አሰብኩት፤ እመሰክራለሁ።

ኖቬምበር 30፣ እሑድ

ትናንት በመጨረሻው ጨዋታ ተሸነፍን። ዛሬ ሚስተር ስታንሲል ጠርቶ አባረረው። ያለ ማፍረሻ። ሐሙስ የዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ አባዬን ይሰማል፤ ከዚያ ይወስናል።

አባዬ ተጫዋቾቹን ራሱ ሰብስቦ ነገራቸው። ሁሉንም አንድ በአንድ አቀፋቸው። አንድ ከመቶ አርባ ኪሎ በላይ የሚመዝን ልጅ እንደ ሕፃን አለቀሰ አለ ጋርቪን። ያን ልጅ አውቀዋለሁ። ሲስቅ እንኳ አይቼው አላውቅም።

ዲሴምበር 4፣ ሐሙስ

ሁሉንም እንዳለ ልጻፈው።

ክፍሉ ረጅም ጠረጴዛ አለው። የኮሚቴው ሰዎች በአንድ ወገን፣ አባዬና ሚስ ኦዴሳ በሌላው። እማዬና እኔ ከኋላ ግድግዳው ሥር። ጋርቪን ሱፉን ለብሶ ውጭ ተቀምጧል። እኔም ክራቫት አድርጌ የምለውን በልቤ እየደጋገምኩ ነበር።

የዩኒቨርሲቲው ጠበቃ ድምፁ ለስላሳ ነው። «ኮች ፔትዌይ፣ በመጀመሪያ በደረሰብዎት ሐዘን...»

«ጥያቄዎን ይጠይቁ» አለ አባዬ።

«በእነዚያ ቀናት ከሥራ ባልደረቦችዎ ጋር በስልክም ሆነ በሌላ መንገድ ተገናኝተው ነበር?»

ሚስ ኦዴሳ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እኔ ተነሳሁ። ለምን እንደተነሳሁ አላውቅም፤ ተራዬ አልነበረም። አባዬ ዞር ሳይል እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ፣ ተጫዋች መስመር ሲያልፍበት እንደሚያደርገው፣ መዳፉን ወደ መሬት አወረደው። ተቀመጥኩ።

«አልተገናኘሁም» አለ።

«አንድም ጊዜ?»

«አንድም ጊዜ። ምክትሌ ደውሎልኛል የሚላችሁ ስለሚወደኝ ነው፤ አትጥሩት። ልጄንም አትጥሩት። ስልኬን አጥፍቼ ለሱ ሰጠሁት። ቡድን እንዳለኝም ረስቼ ነበር።»

ጠበቃው ወረቀቱን አየ። ይህን መልስ የጠበቀ አይመስልም። ሚስተር ስታንሲል ውኃ ጠጣ። ጠበቃው እንደገና «እንግዲያው ዛሬ መለስ ብለው ሲያዩት የተለየ ነገር ባደረግሁ ይላሉ?» አለ።

«አዎ» አለ አባዬ። «ስልኩን ያጠፋሁት ዘግይቼ ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ባለቤቴ መጀመሪያ ስትደውል፣ ፊሽካውን እዚያው ሜዳው ላይ ጥዬ መሄድ ነበረብኝ። ሥራዬን ጥዬ ሄጃለሁ። ቶሎ አልሄድኩም እንጂ።»

የወንበር ድምፅ ሰማሁ። እማዬ ናት። ወንበሯን እየጎተተች ጠረጴዛውን ዞራ አባዬ ጎን አምጥታ አስቀመጠችና ተቀመጠች። ጠበቃው «ወይዘሮ፣ ይቅርታ፣ እዚያ መቀመጥ አይፈቀድም» አላት።

«እንግዲያው አስነሣኝ» አለችው።

ማንም አላስነሣትም።

መኪና ማቆሚያው ጋ እማዬ ከሚስ ኦዴሳ ጋር ወደ ኋላ ስትቀር አባዬ «ብጠራ ኖሮ ምን ልትል ነበር?» አለኝ።

«ደውሏል ልል።»

«አውቃለሁ። ኦዴሳ ነግራኛለች።»

«ተቆጣህ?»

ክራቫቴን ላላ አደረገልኝ። «ኩዊንሲ፣ ከዚህ ዓመት የማላፍርባቸው እነዚያ ቀናት ብቻ ናቸው። እነሱን ልትወስድብኝ ነበር።»

ዲሴምበር 13፣ ቅዳሜ

ዩኒቨርሲቲው ነገሩ ጋዜጣ ላይ እንዳይቆይ ፈርቶ የማፍረሻውን ሩብ ሊከፍል ተስማማ። ሦስት ሚሊዮኑ ቀረብን። ከሥራ ጠፋ የሚለውን ግን ከወረቀቱ አላወጡም፤ አባዬም አውጡልኝ አላለም። ሚስ ኦዴሳ በንዴት ልትሞት ደረሰች። «እውነት ነው እኮ» አላት።

ዌንደል ቁጥሩን ሲሰማ አፉን ከፍቶ ቀረ። «እኔ ብሆን እዋሽ ነበር» አለኝ። «እኔም» አልኩት። ከዚያ አባዬ ኮሚቴው ፊት ያንን ሲናገር እንዴት እንደነበር ድጋሚ እንዳወራለት ጠየቀኝ፤ አወራሁለት። አራተኛ ጊዜዬ ነው።

ዛሬ አባዬ ቁርስ በልቶ ሲያበቃ ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። «ሎሬታ፣ ሰው ቅዳሜ ቀን ምንድን ነው የሚያደርገው?» አላት። ትልቅ ሰው ከሆነ ጀምሮ አውቆት አያውቅም።

እማዬ ሳሕኑን አጥባ አስቀመጠች። ከዚያ ኮቷን ለበሰች። እኔም ለበስኩ።

የመካነ መቃብሩ መታጠፊያ መብራት ላይ ስንቆም በቅሎ ያለበት ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ ከጎናችን መስኮቱን ዝቅ አደረገ። «ኮች! ሦስት ሚሊዮን ጥለህ ሄድክ አሉ! ምን ነካህ፣ አበድክ እንዴ?»

አባዬም መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«ወንድሜ፣ ልጄ ጋ እየሄድኩ ነው፤ አታስረፍደኝ» አለው።

መብራቱ አረንጓዴ በራ።